ወፍ አለ

ወንድሜ ኑረዲን ከሞተ በኋላ በጣም የከበደኝ ቀብሩ አልነበረም። ቀብር ላይ ሰው ይበዛል፤ ሰው ደግፎህ ይውላል። የከበደኝ ከሁለት ወር በኋላ የመጣችው ሴትዮ ናት። እዚህ ደቡብ አፍሪካ፣ ዛንድስፕሩት ውስጥ ስፓዛ የሚሏት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከነበረችን ጊዜ ጀምሮ ታውቀዋለች። ሁለት ታክሲ ቀያይራ፣ የማይሠራ ሪሞት በፌስታል ይዛ፣ ፎርድስበርግ ያለው ሱቃችን በር ላይ ቆመችና «ሳውቦና» ብላ በዙሉ ሰላም አለችኝ። ወደ ውስጥ አየት አደረገች።

«ኑሩ የለም?»

«የለም።»

«መቼ ይመጣል?»

  ሪሞቱን ተቀበልኳት፤ ከፈትኩት፤ ዝገቱን ጠራርጌ አዲስ ባትሪ አስገባሁበት፤ ሠራ። ልትወጣ ስትል ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ትልቁን ቴሌቪዥን አየች። እሱ ላይ የሚታየው ባዶ ድንጋይ ነበር።

«ወፎቹስ?» አለች።

«እነሱም የሉም» አልኳት።

ከሄደች በኋላ ቁጭ አልኩ። ለሁለቱም ጥያቄ የሰጠሁት መልስ አንድ ነው። ሁለተኛው ግን ስሕተት ነበር። ኑሬ ቢሰማኝ ኖሮ ዝም አይለኝም። ስለ እሱ ለመጻፍ የተነሣሁት ያን ቀን ነው። ፊደል ያስቆጠረኝም እሱ ነው። ቤታችን ውስጥ የሚነገረው ስልጥኛ ነው፤ ትምህርት ቤት የተማርኩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ገበያው ላይ ግን ከአገር ቤት ከየጥጉ የመጣው ሁሉ የሚግባባው በአማርኛ ነው። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባላል» ይለኝ ነበር። «ያንተ አገር ስንት እንደሆነ እኔ ምን አውቃለሁ፤ ሁሉንም ልመድ።»

ኑሬ ከእኔ በአሥራ አራት ዓመት ይበልጣል። አባታችን ሲሞት እኔ ገና መቆም አልጀመርኩም ነበር። እናታችን እንደምትለው መጀመሪያ የቆምኩት የኑሬን ሁለት ጣቶች ይዤ ነው። ጣቶቹን ቀስ እያለ ሲያወጣ «ወፌ ቆመች፣ ወፌ ቆመች» ይለኝ ነበር፤ ለሕፃን ሁሉ እንደሚባለው። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄደ። አሥር ዓመት ሲሞላኝ ወደዚህ አስመጣኝ።

ረጅምና ቀጭን ነው። ሰው ሲያዳምጥ ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ አንገቱን ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ስክሪን ሲያጸዳ ጨርቅ አይፈልግም፤ በሹራቡ ቀኝ እጅጌ ይወለውለዋል። ሹራቦቹ በሙሉ ቀኝ እጅጌያቸው ያለቀ ነው። አንዱን ዛሬ ለብሼዋለሁ።

ትምህርት ቤት ያስገባኝን ቀን አልረሳም። በሩ ላይ ስንደርስ እግሬ እንቢ አለ። እንግሊዝኛ አንድ ቃል አላውቅም። አጠገባችን ያሉት እናቶች ልጆቻቸውን ከኋላ ገፋ እያደረጉ ያስገባሉ። ኑሬ አልገፋኝም። እኔን በሩ ላይ ትቶ ራሱ ገባ። ግቢው ውስጥ ትንንሾቹ የሚቀመጡባት አጭር አግዳሚ ላይ፣ ጉልበቱ አገጩን እየነካው ተቀመጠና «ሙባረክ» ብሎ ጠራኝ። ትንሽ ቆየ። «ሙባረክ።» ዘበኛው መጣ።

«ማይ ፍሬንድ፣ የምትማረው አንተ ነህ?»

«አይ፣ ወንድሜ እስኪመጣ ቦታ ይዤለት ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። እኔም ሳላስበው ሳቅሁ። ስስቅ እግሬ በሩን አልፎ ነበር።

ወፎቹ የመጡት ከስንት ዓመት በኋላ ነው። የዛንድስፕሩቱን ሱቅ ዘግተን ፎርድስበርግ ያገለገሉ ቴሌቪዥኖች መሸጥ ጀምረን ነበር። ቴሌቪዥን የሚገዛ ሰው ስክሪኑ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር ማየት አለበት። መጀመሪያ ኳስ ከፈትን፤ ሰው ሱቁን ሞልቶ ዘጠና ደቂቃ ቆሞ አይቶ ይሄዳል። ዘፈን ከፈትን፤ በቀኝ በኩል ያለው ብርድ ልብስ ሻጩ ጀማል ተጣላን። «ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀስ፣ ግን ማንም ቆሞ የማያየው ነገር ፈልግልኝ» አለኝ ኑሬ። ኢንተርኔት ላይ ስፈልግ አንድ ካሜራ አገኘሁ። በዓለም ጫፍ፣ በሰሜን በረዶ አገር፣ ባሕር ላይ በቆመ ገደል ላይ የተተከለ ነው። ሌሊትና ቀን በቀጥታ ያስተላልፋል። ክፍያ የለውም። ከፈትኩት።

ገደሉ ጠርዝ ላይ ጥቁር ጀርባና ነጭ ሆድ ያላቸው ወፎች ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው ቆመዋል። ኑሬ አያቸው።

«የጀርሚስተን ታክሲ ነው የሚመስለው» አለ። «የኋላ ወንበር አራት አራት።»

ማንም ቆሞ አያየውም ብለን ነበር። እሱ ቆሞ ቀረ።

በአማርኛ ስም እንደሌላቸው ሲያውቅ ስም አወጣላቸው። ጥቁር ኮትና ነጭ ሸሚዝ ስለለበሱ «ሚዜ» አላቸው። ደንበኛ ሁሉ ገብቶ «እነዚህ የኬፕታውን ፔንግዊኖች ናቸው» ይላል። ኑሬ ሳይሰለች ሁሉንም ያርማል። «ፔንግዊን የኛ ሰፈር ነው፤ ደቡብ። እነዚህ የወዲያኛው ጫፍ ናቸው። ፔንግዊን አይበርም፤ እነዚህ ይበራሉ።» አንድ ቀን አንድ ሰውዬ ዋጋ ተስማምቶ ከጨረሰ በኋላ «ለማንኛውም ፔንግዊን ነው» ብሎ ሊወጣ ሲል ኑሬ ካርቶኑን ይዞ አስቀረው። ሰውዬው ቁጭ ብሎ አንዱ እስኪበር ጠበቀ። ካየ በኋላ ነው ቴሌቪዥኑን የወሰደው።

ወፎቹ ያሉበትን ትልቁን ግን ለማንም አልሸጠም። ዋጋ ሲጠይቁት «ይኼ ሥራ ላይ ነው» ይላል። በሎድሼዲንግ መብራት በተራ ሲጠፋ ሱቁ ይጨልማል፤ ያ ስክሪን ግን በባለባትሪው ኢንቨርተር በርቶ ይቆያል። ጀማል በዚህ ጊዜ ነው ወፈፌ ብሎ የሰየመው። ገበያው ሁሉ ተቀበለው፤ ኑሬ ወፈፌው። እኔ ተናደድኩ። እሱ ግን «ወፍ አለበት አይደል እንዴ ውስጡ? ስድብ አይደለም» አለኝ።

እንቁላል የሚጥሉት በእኛ ብርድ ወራት ነው። ያን ጊዜ እዚያ ፀሐይ አትጠልቅም። ጎጆ የላቸውም። ባዶ ድንጋይ ላይ አንድ እንቁላል ይጥላሉ። እንቁላሉ በአንድ በኩል ሹል ነው፤ ቢገፉት ዞሮ እዚያው ይቀመጣል እንጂ ቶሎ ተንከባሎ አይወድቅም። ላዩ ላይ ጥቁር ጭረት አለው፤ ሕፃን በእስክሪብቶ የሞነጫጨረው ይመስላል። እናትና አባት እግራቸው ላይ አስቀምጠው በተራ ያቅፉታል። ልጁ ሊፈለፈል ሲል በቅርፊቱ ውስጥ ሆኖ ይጮኻል፤ እነሱም ይመልሱለታል።

«ሳይወለድ ነው ድምፃቸውን የሚለምደው» ይል ነበር ኑሬ፣ አንድ ጣቱን አንሥቶ። «ለምን መሰለህ? በኋላ ይፈልገዋል።»

በኋላ የሚሆነው ይህ ነው። ልጁ ሦስት ሳምንት ሲሞላው፣ ክንፉ ገና ሳይደርስ፣ ከዚያ ገደል ይዘላል። አባትየው ታች ባሕሩ ላይ ሆኖ ይጠራዋል። ይጠራዋል፤ ይጠብቃል፤ እንደገና ይጠራዋል። ልጁ ጠርዙ ላይ ይመላለሳል፤ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ከዚያ ይዘላል። መጀመሪያ ያየን ቀን እኔ ጮኽኩ። ኑሬ አልጮኸም። እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ ቆሞ ነበር።

«አየህ?» አለኝ። «ማንም አልገፋውም።»

ከዚያ ወዲህ «ግፊት የለም» የምትለዋ ቃሉ ሆነች። ማትሪክ ስጨርስ ኮሌጅ ልመዝገብ ወይስ ሱቅ ልዋል ብዬ አንድ ወር ስወላውል አንድ ጊዜም ይህን አድርግ አላለኝም። የኮሌጁን ፎርም ቆጣሪው ላይ አስቀምጦ ሻይ ይጠጣል። በቀን ሁለቴ ብቻ «ሙባረክ» ይላል። «እ?» ስለው «አይ፣ ምንም» ይላል።

በየዓመቱ ከሁሉ አብልጦ የሚከታተላት አንዲት ሚዜ ነበረች። በዓይኗ ዙሪያ ነጭ ቀለበት አላት፤ ከቀለበቱ ደግሞ ወደ ኋላ የሚሄድ ቀጭን ነጭ መስመር። መነጽር ያደረገች ትመስላለች። ስሟን መነጽር አላት። ቦታዋ የጠርዙ ግራ ጥግ ነው፤ በየዓመቱ እዚያው ትመለሳለች። ባሏ መነጽር የለውም። እንቁላሉን ስትጥል ስላያት ሴቷ እሷ እንደሆነች ያውቃል።

ልጆቹ ከዘለሉ በኋላ ወፎቹ ሁሉ ወደ ባሕር ይሄዳሉ። ለብዙ ወራት ካሜራው የሚያሳየው ድንጋይ ብቻ ነው። ጀማል በየጠዋቱ ብርድ ልብሱን ሲያወጣ አንገቱን አስግጎ ያያል።

«ኑሬ፣ ወፍ የለም!»

ይህቺ ቃል ገበያ ሲቀዘቅዝ ነጋዴው ሁሉ የሚላት ናት። ዛሬ ሥራ አለ? ወፍ የለም። የመኖሪያ ፔፐሬ ታደሰ? ወፍ የለም። ምንም የለም፣ ተስፋ አታድርግ ማለት ነው። ኑሬ ይህቺን ቃል አይወዳትም ነበር። በሌላው ሁሉ ይስቃል፤ በእሷ አይስቅም።

«ወፍ አለ» ይመልስለታል። «ባሕር ላይ ነው።»

ባለፈው ዓመት ብርዱ ሲገባ የኑሬ ዓይን ቢጫ ሆነ። መጀመሪያ ያየሁት እኔ ነኝ፤ ስክሪን ሲወለውል ብርሃኑ ፊቱ ላይ ሲያርፍ። ሆስፒታል ወሰድኩት። ሐኪሟ ጉበቱ ለብዙ ዓመት ውስጥ ውስጡን ሲጎዳ እንደኖረ ነገረችን። መድኃኒት ሰጥታ ወደ ቤት ላከችን። ለብቻዬ ጠርታ የነገረችኝንም አልጽፈውም።

አልጋው ፊት ለፊት ትልቁን ቴሌቪዥን ሰቀልኩለት። መነጽር እንቁላሏን ፈልፍላ ነበር፤ ልጇ አመድማ ኳስ ይመስላል። «ይኼን የዘንድሮውን ሲዘል ልየው እንጂ» አለኝ ኑሬ። ሌላ የጠየቀኝ ነገር የለም።

ስሕተቱን የሠራሁት እዚህ ላይ ነው።

በእኛ አገር ዓይን ቢጫ ሲሆን በሽታው ስሙ የወፍ በሽታ ነው። ለእናታችን በስልክ ስነግራት ሌላ ስም አላገኘሁም። ጉበት ብላት ትደነግጣለች ብዬ «የወፍ በሽታ ነው» አልኳት። ሐጂ ከድርም ሊጠይቀው መጣ። ከእኛ ሦስት ሱቅ አልፎ ዶሮ ይሸጣል፤ የገበያው ታላቅ እሱ ነው፤ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቀው፣ ሰው ሲሞት ከፊት የሚቆመው እሱ ነው። ገብቶ ኑሬን አየ፤ ዱዓ አደረገ፤ ዞር ሲል ስክሪኑን አየ። ከዚያ ደረጃው ላይ ትከሻዬን ያዘኝ።

«አንተ ልጅ፣ የወፍ በሽታ ከምን የሚመጣ ይመስልሃል?»

«ሐጂ፣ ቫይረስ ነው። ጉበት ነው።»

«ስሙን ያወጡት አባቶቻችን እብድ ነበሩ? ስንት ዓመት ሙሉ ወፍ ሲያይ ዋለ። አሁንም ተኝቶ ወፍ ያያል። አውርደው፤ በሽታው ይልቀቀው።»

ለእናታችንም ደውሎ ይህንኑ ነገራት። እሷም እያለቀሰች ደወለችልኝ። «ወላሂ በለኝ» አለች። «አወርደዋለሁ፣ ወላሂ በለኝ።»

ባዮሎጂ ተምሬአለሁ። በፈተናው ጥሩ ነው ያገኘሁት። ግን ሐኪሟ የነገረችኝ ነገር ነበረ፤ ከእሷ ቃል ውጭ የሚያዋጣ ነገር ካለ ብዬ ሁሉን ለመሞከር ተዘጋጅቼ ነበር። «ወላሂ» አልኩ። ኑሬ እንቅልፍ ሲወስደው ቴሌቪዥኑን ነቅዬ ሱቅ ወሰድኩት። ሲነቃ «ኢንተርኔቱ ጠፍቷል፤ ስክሪኑንም ለማሠራት ወስጄዋለሁ» አልኩት።

አንድ ቀን ባዶውን ግድግዳ ሲያይ ዋለ። ሁለተኛውንም።  በሦስተኛው ቀን ጠራኝ።

«ሙባረክ።»

«እ?»

«ኢንተርኔት ጠፍቷል አላልክም?»

«ጠፍቷል።»

«ታዲያ ዋትስአፕ የምትጻጻፈው በርግብ ነው?»

ስልኬን ኪሴ ከተትኩ።

«ወፍ የለም ያለህ ማን ነው?» አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት። የሐጂን ስም ስጠራ ሳቀ። ቀኝ ጎኑን ይዞ ሳቀ። ማቆም አቃተው።

«ሐጂ ከድር? ዕድሜውን በሙሉ ዶሮ ታቅፎ የኖረው? በሽታው ከወፍ ቢሆን እሱ ዛሬ እንደ ሎሚ ነበር የሚሆነው።» ከዚያ ትንፋሹን ሰበሰበ። «እማስ? ስታወርደው ምን አለች?»

«ደስ አላት። አለቀሰች።»

 የተቆጣኝ መስሎኝ ነበር። አልተቆጣም።

«አምጣው አልልህም» አለ። «መሐላህ ያንተ ነው። ልጁ ግን ሊዘል አንድ ሁለት ቀን ነው የቀረው። ይኼን እወቅ ብዬ ነው።»

ግፊት የለም። ያን ቀን ምናለ በገፋኝ ብዬ ተመኘሁ። አምጣ ቢለኝ ኃጢአቱ የእሱ ይሆን ነበር። ብተወው፣ ወንድሜ የመጨረሻ የጠየቀውን ነገር በእኔ እጅ ያጣል። ባመጣው፣ እናቴን ዋሽቻት፣ በኋላ አንድ ነገር ሲሆን ገዳዩ እኔ ነኝ። እንዲህ እያልኩ አንድ ሙሉ ቀን አሳለፍኩ። የባሰው ይህ ነው፤ አንድ ሙሉ ቀን።

በማግስቱ ጠዋት ደወልኩላት።

«እማ፣ መልሼ ልሰቅለው ነው። አንቺን ዋሽቼ አላደርገውም፤ ለዚህ ነው የደወልኩት።»

 «ምንድን ነው የሚያደርጉት እነዚህ ወፎች?» አለችኝ። በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ጠይቃው አታውቅም።

ነገርኳት። ገደሉን፣ እንቁላሉን፣ አባትየው ታች ሆኖ እንደሚጠራ፣ ልጁ እንደሚዘል።

«ከዘለለስ በኋላ?»

«አባትየው ይዞት ይሄዳል። ባሕር ላይ ነው የሚያሳድገው።»

«እናትየዋስ?»

«ቦታው ላይ ትቀራለች። ለጥቂት ቀን ብቻዋን እዚያው ትቆማለች።»

 የበግ ድምፅ ከኋላዋ ይሰማል። ሁለት ልጆቿ እዚህ ናቸው።

«እንግዲያስ ስቀለው» አለችኝ። «ስቀለውና ይይ። መሐላህን ትቼልሃለሁ።»

ቴሌቪዥኑን በጀማል ብርድ ልብስ ጠቅልዬ ተሸክሜ ሦስት ፎቅ ወጣሁ። ስሰቅለው መብራት ሄደ። ኢንቨርተሩ ሱቅ ነው። ኑሬ አየኝና «ተቀመጥ» አለኝ። እስከ አሥር ሰዓት ጠበቅን። መብራቱ ሲመጣ ከፈትኩት።

ግራው ጥግ ላይ ልጁ አልነበረም።

መነጽር ቆማለች። እግሯ ሥር ምንም የለም። ከላይ በኩል ትልቁ ነጭ ወፍ ይዞራል፤ እንቁላልና ጫጩት የሚነጥቀው፣ ኑሬ በዚህ አገር ቀማኛ ስም ጾትሲ የሚለው። ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ካወረድኩት አራተኛ ቀኑ ነበር።

«አለቀ» አልኩ። «ጾትሲው በልቶታል። ወይም ዘሏል፤ እኔ ነኝ እንዳታየው ያደረግኩህ።»

«ተነሥተህ በደንብ እየው» አለኝ። «ማን ነው የቆመው?»

«መነጽር ናት።»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን።»

«ቆይ እንይ።»

አየን። እስኪመሽ አየን፤ በማግስቱም አየን። ሌሎቹ ባሎች ዓሣ ይዘው ይመጣሉ፤ ይሄዳሉ። የእሷ አልመጣም። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት ኑሬ በትራሱ ላይ ቀና አለ። ድምፁ ደክሟል፤ ጣቱን ግን አነሣ።

«ጾትሲው ልጁን ወስዶት ቢሆን አባትየው የት ይሄዳል? ምን ሥራ አለው? ሁለቱም እዚሁ ቆመው ይነታረኩ ነበር። የለም። ከልጁ ጋር ነው። ባሕር ላይ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «እኛ አላየነውም እንጂ፣ ሙባረክ፣ ወፍ አለ።»

ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ የነበረውን ነገር በቃል ልጽፈው ብዙ ጊዜ ሞከርኩ። አልሆነልኝም። ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም። እኔም አልጠየቅኩትም። ሂሳብ ሲያሠራኝ የነበረ ይመስል አንድ በአንድ አስረድቶኝ ተመልሶ ተኛ።

ከዚያ በኋላ ዘጠኝ ቀን ኖረ። በመሀሉ መነጽርም ሄደች፤ ጥጉ ባዶ ሆነ። ልዘጋው ብዬ ሪሞቱን ሳነሣ «ተወው፤ ሥራ ላይ ነው» አለኝ። በአንድ ዓርብ ጠዋት ሞተ። አላህ ይዘንለት። የዚያኑ ቀን ቀበርነው። ከፊት የቆመው ሐጂ ከድር ነው። ሲጨርስ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

እናቴ ወደ አገርህ ና አለችኝ። «እማ፣ እዚህ ሥራ አለኝ» አልኳት። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ኮሌጅ ነኝ፤ ኤሌክትሪክ እማራለሁ፤ ያን ጊዜ ሱቁን ጀማል ያያል። በቀረው ቀን እኔ ነኝ። ቴሌቪዥኑን መልሼ ሱቁ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት፤ ካሜራውንም ከፈትኩት። ጀማል ሁለት ቀን ታግሦ በሦስተኛው መጣ።

«ሙባረክ፣ እሱ ሲያደርገው ቢያንስ ወፈፌ ነበር። ድንጋይ የሚያሳይ ቴሌቪዥን ማን ይገዛል? ኳስ ክፈት።»

«ሌሎቹ ላይ ኳስ እከፍታለሁ። ይኼ ግን ሥራ ላይ ነው።»

በታኅሣሥ አካባቢ ነገሩ ባሰ። ያን ጊዜ እዚያ ፀሐይ አትወጣም። ስክሪኑ ቀኑን ሙሉ ጥቁር ሆነ። ደንበኛ ገብቶ «ይኼ ተበላሽቷል?» ይላል። «አልተበላሸም፤ እዚያ ጨለማ ነው» እላለሁ። አንዱ ወጣት ጓደኛውን ጠርቶ አሳየው፤ ሳቁብኝ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ግን አልዘጋሁትም።

ከዚያ ብርሃኑ ትንሽ ትንሽ ተመለሰ። መጀመሪያ ግራጫ፣ ከዚያ ሰማያዊ። በረዶ የተከመረበት ጠርዝ ታየ። በዚያ ሰሞን ሐጂ ከድር ወደ ዶሮ ሱቁ ሲያልፍ በራችን ላይ መቆም ጀመረ። ከቀብሩ ወዲህ ገብቶ አያውቅም ነበር። አንድ ቅዳሜ ገባ። በትሩን ቆጣሪው ላይ አስደግፎ ስክሪኑን አየ።

«ወፍ የለም እኮ፣ ልጄ» አለኝ። እንደ ጀማል ለቀልድ አይደለም ያለው። እያዘነ ነው።

«አለ፣ ሐጂ። ባሕር ላይ ነው።»

«እሱ እንደዚህ ይል ነበር?»

«አዎ፣ እንደዚህ ነበር የሚለው።»

 «ወንበር አለህ?» አለኝ። የኑሬን ወንበር ሰጠሁት። ጥቂት ተቀምጦ ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜም መጣ። ስለዚያ ደረጃ ላይ ስለነገረኝ ነገር አንድም ቀን አላነሣም፤ እኔም አላነሣሁበትም። ሲገባ «መጡ?» ይላል። «ገና ናቸው» እላለሁ። ይቀመጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ታክሲ አጥቼ አርፍጄ ደረስኩ። ሐጂ የተዘጋው ሱቅ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። መዝጊያውን አብረን ወደ ላይ አነሣነው። እኔ ሌሎቹን ለማብራት ወደ ጓዳ ገባሁ። ሶኬት እየሰካሁ ሳለ ከውጭ ድምፁን ሰማሁ፤ ጮክ ብሎ አይደለም፤ የሚያስደነግጠው ነገር ያለ ይመስል ዝቅ አድርጎ ነው።

ስወጣ ከወንበሩ ተነሥቷል። ጠርዙ በበረዶ እንደተሸፈነ ነው። ግራው ጥግ ላይ፣ በረዶው ውስጥ እግሯ ሰምጦ፣ አንዲት ሚዜ ወደ ባሕሩ ዞራ ቆማለች። ዞር ስትል በዓይኗ ዙሪያ ያለው ነጭ ቀለበት ታየ።

ሐጂ በአንድ እጁ ቆጣሪውን ይዟል። ሌላውን እጁን፣ ሕፃን የሚደግፍ ይመስል፣ ሁለት ጣቱን ወደ ስክሪኑ ዘርግቷል።

«ወፌ ቆመች» ይላል። «ወፌ ቆመች።»